ቶዮታ ይሙት!

ሰው በእናቱ ይምላል፤ በአባቱ አጥንት ይምላል፤ በታቦት ይምላል። አባቶቻችን «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ካሉ ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም። በመኪና ሲማል የሰማሁት ግን በቅርቡ፣ ማክሰኝት ላይ፣ እህቴ ቤት ነው። ሃምሳውን ያለፈ አንድ መካኒክ የጠላ ብርጭቆውን ቁጭ አደረገና ጉልበቱን መታ አድርጎ፣

«ቶዮታ ይሙት! የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ አገር ሁለት ክረምት አይሻገርም!» አለ።

ከተሰበሰበው ሰው የሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን መሆኔን ሳይ አቆምኩ። ለብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጆሮዬ ከነገሩ ይልቅ አነጋገሩ ላይ ያርፋል። ሰው የሚምለው እንዲሞትበት በማይፈልገው ነገር ነው። ታዲያ ቶዮታ ቢሞት ይህ ሰው ምን ይሆናል? ይሄ ጥያቄ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ባል ካረፈ ዓመት ሞላው። የሄድኩት ለሙት ዓመቱ ነው። (ከባሕር ዳር ተነስቶ ወረታን፣ አዲስ ዘመንን፣ እንፍራንዝን አልፎ ወደ ጎንደር የተጓዘ ሁሉ ማክሰኝትን ያውቃታል፤ ስሟን ከማክሰኞ የወሰደች፣ ጎንደር ለመግባት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀር የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት።) ሟች ከተወው ንብረት ሁሉ ያከራከረው አንድ ነገር ነው፤ ነጭ፣ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ። ልጁ የሽምብራና የነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ነው። ኮሮላዋን ሸጦ፣ ያጠራቀመውን ጨምሮ፣ ቢዋይዲ ሲገል የምትባለውን ትንሽ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ቆርጧል። እናቱ አልወደደችም። አልወደደችም እንጂ ለምን እንደሆነ አልተናገረችም። እንደ ደንቡ ሽማግሌ ተጠራ፤ ሽማግሌ ማለት እኔ፣ መካኒኩና አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር።

ክርክሩን የጀመረው ሾፌሩ ነው። «ቶዮታ ዕቃው እንደ ጨው በየሱቁ ይገኛል» አለ። መካኒኩ ቀጠለ፤ «ዓይኔን ጨፍኜ እፈታታዋለሁ።» ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ እዚያው የቆየ አንድ ጎረቤት ደግሞ «ቶዮታ ገንዘብ ነው፤ ማክሰኞ ገዝተህ ሐሙስ ብትሸጠው አትከስርም» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ። በኋላ ማታ ስተኛ ነው የገባኝ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ስለ መኪናዋ አልተናገረም። አንዱ ስለ መለዋወጫ ነጋዴው፣ አንዱ ስለ ራሱ እጅ፣ አንዱ ገና ስላልመጣው ገዥ ነው የተናገሩት። «ስነዳት ደስ ትለኛለች» ያለ የለም። የኛ ሰው መኪና ሲገዛ ቀለም የሚመርጠው እንኳ ለራሱ ዓይን አይደለም፤ «ነጭ ቶሎ ይሸጣል» ብሎ ነው። ገና ሊብሬው በስሙ ሳይዞር የሚሸጥበትን ቀን ያስባል። እንግዲህ የቶዮታ ፍቅር እያልን የምናወራለት ነገር፣ እኔ እንደማነበው፣ ፍቅር አይደለም። ብሩ ባንክ ውስጥ ሲሟሽሽ ያየ ሕዝብ ያገኘው አራት ጎማ ያለው የቁጠባ ደብተር ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ግን ቁጠባን ፍቅር ብለን ስንጠራው ሌላውን ሰው እንደ ከሃዲ ማየት እንጀምራለን፤ የእህቴን ልጅ ያዩት እንደዚያ ነበር።

ደግሞስ ታማኝነታችን መቼ ጸንቶ ያውቃል? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሳፈሩባትን መኪና ያመጣው እንግሊዛዊ ቤንትሊ ይባል ነበር፤ መኪናዋ ግን ሲድሌይ ነበረች። ስመ ጥሩው የቤንትሊ ፋብሪካ ያን ጊዜ አልተወለደም። ዛሬ ቢሆን «ንጉሡ ቤንትሊ ነዱ» ብለን ዋጋ እንጨምርበት ነበር። ከዚያ ፊያት መጣ። ያ ጡረተኛ ሾፌር ራሱ በረዳትነት ያደገው በፊያት ኤን ትሬ ነው፤ «ያን ጊዜ ከፊያት ሌላ መኪና አለ ያለ ሰው ይደበደብ ነበር» ሲል ሰምቼዋለሁ። አዲስ አበባ በሲቼንቶ ታክሲ ተመላለሰች፣ መምህርና ነርስ በቮልስ ተዳረ፣ ከዚያ ላዳ ነገሠ። በእያንዳንዱ ዘመን «ከዚህ በቀር መኪና የለም» ተብሏል። የተባለውም ከልብ ነው።

ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ ይህን የሚያወራ ሰው የፈረስ ስምን መዝለል አይችልም። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ» የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ባልቻ «አባ ነፍሶ»። ሰው በሚጋልበው ይጠራል፤ ዝናው ከፈረሱ ኮቴ ይነሳል። ዛሬም «ባለ ቪ8» ሲባል ሰው ከወንበሩ የሚነሳው ለመኪናው ይሁን ለሰውየው አይለይም። ገርሞኝ የማያበቃው ግን የተገላቢጦሹ ነው። ቶዮታ ያንን ሚኒባስ ሲሠራ የራሱን ስም ሰጥቶት ነበር፤ እኛ «አባዱላ» አልነው። አባ ዱላ በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት የጦር መሪ መጠሪያ ነው፤ ሚኒባሱ ደግሞ ስሙን የወረሰው በዚሁ ስም ከሚጠሩት ባለሥልጣን ነው ይባላል። ድሮ ሰው ከፈረስ ስም ይዋሳል፤ አሁን መኪና ከሰው ይዋሳል። ከሱ በፊት የነበረውን ሚኒባስ «ዶልፊን» አልነው፤ ባሕር የሌለው አገር የባሕር እንስሳ መንገድ ላይ አሰማራ።

ስም ስናወጣ ብቻ አይደለም፤ የንግድ ምልክት ስንውጥም አንምርም። የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ሁሉ «ሃይላንድ» ነው፤ የታሸገበት ውሃ የየትኛውም ፋብሪካ ይሁን። ባለ ሦስት እግሩ ሁሉ ባጃጅ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ጥራልኝ» ብትል የሚሰማህ የለም። ምልክት እንዲህ ተራ ስም ሲሆን ኩባንያው ያሸነፈ ይመስለዋል። በቋንቋ ሕግ ግን ተሸንፏል፤ ስሙ የራሱ መሆኑ ቀርቷል።

ወደ መካኒኩ ልመለስ፤ የሱ ነገር ነው የከበደኝ። የመኪና አማርኛ ጣሊያንኛ ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ሰልባትዮ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ቆይቶ ሄደ፤ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ጃፓን የሠራውን ኮሮላ ማክሰኝት ላይ በጣሊያንኛ እንፈታዋለን! መካኒኩ ይህን መዝገበ ቃላት በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ቁልፍ እያቀበለ፣ በጥፊ ነው የተማረው። አሁን የእህቴ ልጅ የሚያመጣት መኪና ኮፈኗ ሲከፈት ካንዴላ የላትም፤ ፍሪሲዮን የላትም፤ ካምቢዮም እሱ የሚያውቀው ዓይነት አይደለም፤ ማርሚታና ሰልባትዮ ጭራሽ የሉም። ቸርኬና ፍሬን ቀርተውለታል። ጎሚስታው ሥራ አያጣም። እሱ ግን የአርባ ዓመት ቃሉ ይፈስበታል። «ቶዮታ ይሙት» ሲል የማለው በራሱ ዕድሜ መሆኑ ሲገባኝ በመሳቄ አፈርኩ። ሰው እንዲህ ባለ ቀን «ባትሪው ይበላሻል» ይላል እንጂ «እኔ ምን ልሆን ነው?» አይልም።

ልጁም ቢሆን ባዶ እጁን አልመጣም። «ጋሼ፣ ይፍረዱ» አለኝ፤ «ቤንዚን በሃይላንድ ተቀድቶ መንገድ ዳር ሲሸጥ ያላዩ አሉ? ማደያ ስሰለፍ ውዬ፣ ማታ ከጥቁር ገበያ በጀሪካን እገዛለሁ። ይሄ ኑሮ ነው?» ሁላችንም ዝም አልን፤ ሁላችንም ከሃይላንድ ቀድተናል። ከዚያ ግን ልጁ በራሱ አፍ መናገሩን ትቶ በዜና አንባቢ አፍ መናገር ጀመረ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሳ። በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ጥር ተነገረ። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት። «የራሳችን ውሃ፣ የራሳችን መብራት፣ የራሳችን ነዳጅ!» አለ እጁን አንስቶ።

የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ነዳጁን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ከውጭ፣ በዶላር የምንገዛ አገር ነን። የጣና ውሃም ቢሆን መብራት መሥራት የጀመረው ዛሬ አይደለም፤ በ1950ዎቹ ጢስ ዓባይ ላይ 11.4 ሜጋ ዋት፣ በ2002 ዓ.ም. በጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት። ነገር ግን የሜጋ ዋት ወሬ የማክሰኝትን ትራንስፎርመር አይጠግንም። ሲገል የምትባለዋ መኪና ትልቁ ባትሪዋ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ከተራ ሶኬት ሌሊቱን ሙሉ ተሰክታ ብታድር እንኳ ከባዶ አትሞላም። ይህም ሌሊቱን ሙሉ መብራት ካለ ነው። በወረቀት 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል፤ በቻይና መለኪያ ነውና መንገድ ላይ ይቀንሳል። ከማክሰኝት ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣን ቻርጀሮች ደግሞ በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው።

ሾፌሩ «ዳገት ባትሪ ይጨርሳል» ያለው ግን ስህተት ነው፤ እዚህ ላይ ለልጁ እፈርዳለሁ። በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 300 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለችን ትንሽ መኪና ይህን ያህል ከፍ ለማድረግ የሚፈጀው ኃይል ከባትሪዋ ከመቶ አምስት እጅ አይሞላም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሯ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ይመልሳል። ሾፌሩ ይህን ስነግረው «ፊያት እንዲህ አታደርግም ነበር» አለ። በአድናቆት ይሁን በንቀት አልለየሁትም።

የሾፌሩ ሁለተኛ ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። «መንገድ ቢዘጋብህስ?» አለው። ሌላ አገር ይህ የመንገድ ሥራ ጥያቄ ነው። እኛ ጋ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ከፈነዳ ወዲህ፣ «ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው?» ማለት «እንደምን አደራችሁ» ማለት ሆኗል። መንገደኛ እንፍራንዝ ወይም አዲስ ዘመን ላይ ባላሰበው ሌሊት ያድራል። ጀሪካን በሰው ጫንቃ ይመጣል፤ መብራት በጀሪካን አይመጣም። ልጁ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ ያን ቀን ከሁሉም ጋር አድራለሁ» አለ።

የምልክት ነገር ካነሳን ልጁም አልዳነም። መጀመሪያ ያማረው የቶዮታው ኤሌክትሪክ፣ ቢዜድ4ኤክስ የሚባለው ነበር፤ ገንዘቡ አልደረሰለትም እንጂ። «ቶዮታ ከሆነ እማዬም እሺ ትላለች» ብሎ ነው። እንግዲህ ያችው «የማትሰበር» ቶዮታ በ2022 እ.ኤ.አ. ቢዜድ4ኤክስን ለገበያ ባቀረበች በወራት ውስጥ የጎማ ማሰሪያ ብሎን ሊላላ ይችላል ብላ የሸጠቻቸውን መልሳ ጠርታለች። ቻይና ውስጥ የምትሸጠው ቶዮታ ቢዜድ3 ደግሞ ባትሪዋና ሞተሯ የቢዋይዲ ነው። ማለት፣ አባቶቻችን «ቻይና ነው፣ አይረባም» ያሉት ዕቃ የቶዮታን ካባ ለብሶ ሲመጣ «ቶዮታ ይሙት» ይባልበታል። ቮልስም እንዲሁ ተመልሳ መጥታለች፤ አይዲ4ና አይዲ6 በሚል ስም፣ ቻይና ተሠርታ፣ በግል አስመጪ እጅ፣ ዳሽቦርዷ ላይ የቻይና ፊደል ተጽፎባት። አንድ ወዳጄ ገዝቶ እንዳነብለት ጠራኝ። ዕድሜ ልኬን ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሰው ማቀዝቀዣውን ከሬዲዮው መለየት አቅቶኝ ወረድኩ።

አስቂኙ ነገር ክልከላው ራሱ ነው። አዲስ የነዳጅ መኪና አይግባ ሲባል የአሮጌው ዋጋ ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ ኮሮላዋ ከሟች ጋር ካረጀች በኋላ ከገዛት በበለጠ ብር ትሸጣለች። ልጁ ወደ ኤሌክትሪክ የሚሻገርበትን ገንዘብ የሚያገኘው ሌላው ሰው ቶዮታን ስላልካደ ነው! ሁሉም ሰው እንደሱ ቢያስብ ኖሮ ኮሮላዋ ብረት ናት። ይህን ስነግረው ሳቀ። «ጋሼ፣ ዝም ይበሉ እንጂ፤ ገዥው ይሰማል» አለኝ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ መናገር አለብኝ። ደመወዜ በአስተማሪ ወግ በነበረበት ዘመን «እኔ እንደ መንጋው አልገዛም» ብዬ አንድ የአውሮፓ መኪና ገዛሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱም የሱ ላይሆን ይችላል። ጓደኞቼ «የምሁር መኪና» አሉልኝ፤ ደስ አለኝ። ከገዛሁት ቀን ጀምሮ ስለ ሞተሩ ያሰብኩት ትንሽ ነው፤ ያሰብኩት ሰዎች እሱን ሲነዳ ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ ነው። ስሸጠው ለሦስት ወር ገዥ አጥቼ በግማሽ ዋጋ ለአንድ ደላላ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ የነዳሁት ሁሉ ቶዮታ ነው። እናም መንጋውን ስተች ከመንጋው መካከል ሆኜ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል እህቴ ቡና ታፈላለች። ከእሷ በቀር ስለ ሚቀጥለው ገዥ ያላወራ ሰው በቤቱ አልነበረም። ሦስተኛው ሲኒ ላይ «እታለም፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«ምን እላለሁ፣ ወንድም ዓለም» አለች። «ጎንደር ሆስፒታል ስንመላለስ የኋላ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሎ ነበር የሚሄድ። ጋቢው ጠረኑ አሁንም አለ። ቶዮታ ትሁን ምን ትሁን እኔ አላውቅም።»

መካኒኩ አቀረቀረ። ሾፌሩ ኮፍያውን አነሳ። ልጁም ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። አስፈርደን ብለው ጠርተውኝ ነበር፤ መፍረድ አቃተኝ። «ባይሸጥስ? ሁለቱም ቢኖሩስ?» ብዬ ሞከርኩ። «ገንዘቡ ከየት ይመጣል፣ ጋሼ?» አለ ልጁ፤ ልክ ነው፣ ከየትም አይመጣም።

በዚህ መሐል የልጁ ስልክ ጠራ። ደላላ ነው፤ ከጎንደር። ልጁ በር ላይ ወጣ ብሎ አነሳው፤ ድምፁ ግን ሁላችንም ጋ ይደርሳል። ስለ ቀለሟ ተጠየቀ፣ መለሰ። ስለ ቦሎዋ ተጠየቀ፣ መለሰ። ከዚያ ስለ ሞተሯ የተጠየቀ መሰለኝ፤ ድምፁ ከፍ አለ።

«አልወረደም አልኩህ እኮ! ሞተሯ ከፋብሪካ እንደወጣች ነው፤ ቶዮታ ይሙት!»

መካኒኩ ቀና ብሎ አየኝ። እህቴ ጀበናውን አስቀመጠችና፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ፣

«ሊብሬው እኔ ሣጥን ውስጥ ነው» አለች።